የሚያስተነፍስ መጋጠሚያ፦ የኦክስጅን ማያያዣዎች አመራረጥና የግፊት ፍተሻ በወረዳና በዞን ሆስፒታሎች

መግቢያ

ኦክስጅን መድኃኒት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ኦክስጅን ለማደንዘዣ አገልግሎት ብቻ ሳይሆን በደማቸው ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን ለቀነሰባቸው ሕሙማን ሁሉ የሚያስፈልግ መሆኑን አረጋግጧል። በአገራችንም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2016 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኦክስጅንንና የፐልስ ኦክሲሜትሪን አገልግሎት ለማስፋፋት የሚያስችል ብሔራዊ ፍኖተ ካርታ አዘጋጅቷል። የኦክስጅን አቅርቦትና አጠቃቀም ሲሻሻል የሚገኘው ውጤት ምን ያህል እንደሆነ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። በዚያ ጥናት በሳንባ ምች ምክንያት ሆስፒታል ከገቡ ሕፃናት መካከል የሚሞቱት ከመቶ 4.97 የነበሩት ወደ 3.22 ወርደዋል፤ ይህም የ35 በመቶ ቅናሽ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ መድኃኒት እንደ ክኒን ወይም እንደ መርፌ ታሽጎ ወደ ሕመምተኛው አይደርስም። ከሲሊንደሩ ቫልቭ ወደ ሬጉሌተሩ፣ ከሬጉሌተሩ ወደ ፍሎሜትሩ፣ ከዚያም ወደ ማርጠቢያ ጠርሙሱና ወደ አፍንጫ ቱቦው ሲጓዝ ቢያንስ አራትና አምስት መጋጠሚያዎችን ያልፋል። ከእነዚህ አንዱ ቢያስተነፍስ የታዘዘው መጠንና ሕመምተኛው የሚያገኘው መጠን ይለያያሉ። ስህተቱ በሕክምና ካርዱ ላይ አይታይም፤ ካርዱ የሚያሳየው "ኦክስጅን ተሰጥቷል" የሚለውን ብቻ ነው።

ጉዳዩ በትልልቅ ከተሞችም የሚያጋጥም ቢሆንም ከኦክስጅን ማምረቻ በራቁ ቦታዎች ይበልጥ ይከብዳል። ለአብነት የምዕራብ ሐረርጌዋን ገለምሶን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ በአዋሽና በሚኤሶ አድርጎ ቺሮ (አሰበ ተፈሪ) የደረሰ ጭነት ወደ ገለምሶ ለመዝለቅ በበዴሳ በኩል ወደ ደቡብ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ገና መጓዝ ይኖርበታል። እንዲህ ባለ ቦታ በሚሠራ ሆስፒታል ከሩቅ ተሞልቶ የመጣ ሲሊንደር በአንድ ሌሊት ባዶ ሆኖ ቢያድር ሌላ የሚተካው በማግስቱ ላይገኝ ይችላል። ስለሆነም መጋጠሚያን መምረጥና መፈተሽ ለጥገና ክፍሉ ብቻ የሚተው ሥራ ሳይሆን ለሕመምተኛው የሚሰጠው እንክብካቤ አካል ነው።

ትንሽ የሚመስለው ኪሳራ

ውስጣዊ ይዞታው 40 ሊትር የሆነ ሲሊንደር በ150 ባር ግፊት ሲሞላ በግምት 6,000 ሊትር ኦክስጅን ይይዛል (40 ሲባዛ በ150)። በደቂቃ 1 ሊትር ለሚሰጠው አንድ ሕፃን ይህ መጠን ለ100 ሰዓት፣ ማለትም ከአራት ቀን በላይ ይበቃል። አሁን በሬጉሌተሩ መጋጠሚያ በኩል በደቂቃ ግማሽ ሊትር ሾልኮ ይወጣል እንበል። ከሲሊንደሩ በየደቂቃው የሚወጣው 1.5 ሊትር ስለሚሆን ሲሊንደሩ በ67 ሰዓት ገደማ ያልቃል። ሠላሳ ሦስት ሰዓት የሚያህል ሕክምና ማንም ሳያየው ከክፍሉ አየር ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው።

ሕመምተኛ ሳይኖርም ኪሳራው አይቀርም። መጋጠሚያው በደቂቃ 2 ሊትር የሚያስተነፍስ ሲሊንደር ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ቫልቩ ሳይዘጋ ቢተው እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ባዶ ይሆናል። ሰኞ ጠዋት የሚገኘው የግፊት መለኪያ ዜሮ ያሳያል፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ "ሲገዛም ሙሉ አልነበረም" በሚል ይታለፋል።

የማያያዣ ዓይነቶች

ወደ አገራችን የሚገቡ ሲሊንደሮችና ሬጉሌተሮች ከተለያዩ አገሮች የሚመጡ በመሆናቸው ማያያዣዎቻቸውም የተለያዩ ናቸው። በብዛት የሚያጋጥሙት የሚከተሉት ናቸው።

1. ቡልኖዝ። በእንግሊዝ ደረጃ (ቢ.ኤስ. 341 ቁጥር 3) የተሠራው ይህ ዓይነት በሲሊንደሩ ቫልቭ ውስጥ የ5/8 ኢንች ጥርስ አለው። የሬጉሌተሩ ድቡልቡል አፍንጫ ወደ ውስጥ ገብቶ በቫልቩ መቀመጫ ላይ ያርፋል።

2. የአሜሪካ 540። ጥርሱ በቫልቩ ውጭ በኩል ያለ ሲሆን ሬጉሌተሩ በዳዶ ይጠብቃል። ከቡልኖዝ ጋር ፈጽሞ አይገጥምም።

3. የጀርመን ደረጃ (ዲ.አይ.ኤን. 477 ቁጥር 9)። ይህም የውጭ ጥርስ ያለው ሲሆን መጠኑ 3/4 ኢንች ነው። ከሩቅ ሲታይ የአሜሪካውን ስለሚመስል በጉልበት ለመግጠም የሚሞከረው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

4. ፒን ኢንዴክስ። በትንንሽ ሲሊንደሮችና በማደንዘዣ ማሽኖች ላይ የሚገኝ ነው። በመያዣው ላይ ያሉ ሁለት ፒኖች በቫልቩ ላይ ካሉ ቀዳዳዎች ጋር ካልገጠሙ አይያያዝም። ለኦክስጅን 2 እና 5፣ ለናይትረስ ኦክሳይድ 3 እና 5፣ ለሕክምና አየር 1 እና 5 ቁጥር ቦታዎች ተመድበዋል።

እዚህ ላይ አንድ በቂ ትኩረት ያላገኘ ነጥብ አለ። ፒን ኢንዴክስ ጋዞችን የሚለይ ማያያዣ ነው፤ ቡልኖዝ ግን አይደለም። የእንግሊዙ ቁጥር 3 መጋጠሚያ ለኦክስጅን ብቻ ሳይሆን ለናይትሮጅን፣ ለአርጎንና ለሂሊየም ጭምር ያገለግላል። ስለዚህ ሬጉሌተሩ መግጠሙ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ቀለምም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም፦ በዓለም አቀፉ ደረጃ የሕክምና ኦክስጅን ሲሊንደር ትከሻ ነጭ ሲሆን በአሜሪካ ግን ኦክስጅን የሚለየው በአረንጓዴ ቀለም ነው። መነበብ ያለበት በሲሊንደሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው።

ተቀጣጣይ ጋዞች፣ ለምሳሌ አሴቲሊን፣ በተቃራኒው ወደ ግራ የሚጠብቅ ጥርስ አላቸው፤ የዳዷቸው ጠርዝም በመሐሉ ጭረት ይደረግበታል። ዳዶው ጭረት ያለው ከሆነ ወይም ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ ከሆነ ያ መጋጠሚያ ለኦክስጅን የተሠራ አይደለም።

ማያያዣ ሲመረጥ ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

በፋብሪካዎች የግፊትና የማስተንፈስ ፍተሻ የሚያካሂዱ መሐንዲሶች ማያያዣ ሲመርጡ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፦ የሚያያዘው አፍ ቅርጹ ምንድን ነው? ምን ያህል ግፊት ይሸከማል? በውስጡ የሚያልፈው ምንድን ነው? አየር እንዳያልፍ የሚያደርገው የትኛው ክፍል ነው? በቀን ስንት ጊዜ ይፈታል? ጥያቄዎቹ ለሆስፒታልም ያው ናቸው።

ቅርጽን በተመለከተ፣ ትክክለኛው ማያያዣ በእጅ ብቻ ብዙ ዙር ያለችግር ይዞራል። በአንድ ወይም በሁለት ዙር የሚያዝ ከሆነ ጥርሱ የተለየ ነው ወይም ተጣሟል። በመፍቻ ማስገደድ ጥርሱን ይበላዋል፤ የተበላ ጥርስ ደግሞ በ150 ባር ግፊት ሬጉሌተሩን ተወርዋሪ ሊያደርገው ይችላል።

ግፊትን በተመለከተ፣ ከሬጉሌተሩ በፊት ያለው ክፍል የሲሊንደሩን ሙሉ ግፊት ይሸከማል። ከሬጉሌተሩ በኋላ ያለው ግን በአብዛኛው ወደ 4 ባር ገደማ ብቻ ነው። ለዝቅተኛው ወገን የተሠራ የላስቲክ ቱቦ ወይም መጋጠሚያ በከፍተኛው ወገን ሊተካ አይችልም።

የሚያልፈው ጋዝ ኦክስጅን መሆኑ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ዘይት፣ ግራሶና ቅባት በከፍተኛ ግፊት ካለ ኦክስጅን ጋር ሲገናኙ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠሉ ይችላሉ። ስለዚህ ከአየር መጭመቂያ ወይም ከጋራዥ የመጣ ማያያዣ፣ ጥርሱ ቢገጥምም እንኳ፣ ለኦክስጅን አገልግሎት ታስቦ ካልጸዳ መዋል የለበትም።

አየር እንዳያልፍ የሚያደርገውን ክፍል ለይቶ ማወቅ ብዙ ስህተት ያስቀራል። በቡልኖዝም ሆነ በአሜሪካው ማያያዣ ጥርሱ የሚሰጠው አገልግሎት አፍንጫውን ወደ መቀመጫው መጎተት ብቻ ነው፤ ጋዙን የሚያግደው የአፍንጫውና የመቀመጫው ግንኙነት ወይም በአፍንጫው ላይ ያለው የጎማ ቀለበት ነው። በመሆኑም በጥርሱ ላይ የቴፍሎን ጥቅልል መጠምጠም ማስተንፈሱን አያቆምም። እንዲያውም የተቆረጡ የቴፍሎን ቁርጥራጮች ወደ ሬጉሌተሩ ገብተው መንገዱን ሊዘጉ ይችላሉ። ቴፍሎን የሚያስፈልገው ጥርሱ ራሱ እየጠበበ ሄዶ በሚያሽገው የቧንቧ መጋጠሚያ ላይ ነው፤ እሱም ለኦክስጅን የተፈቀደው ዓይነት ሊሆን ይገባዋል።

በፒን ኢንዴክስ ማያያዣ ጋዙን የሚያግደው በመያዣውና በቫልቩ መካከል የሚገባው ቀለበት ነው። መግባት ያለበት አንድ ብቻ ነው። ማስተንፈሱን ለማቆም ሲባል ሁለት መደራረብ ፒኖቹ ወደ ቀዳዳቸው በሚገባ እንዳይገቡ ስለሚያደርግ፣ ጋዞችን የሚለየው ጥበቃ ይፈርሳል።

በመጨረሻም፣ አንድ ተጨማሪ አገናኝ ማለት አንድ ተጨማሪ የማስተንፈሻ ቦታ ማለት ነው። ሁለትና ሦስት አገናኞችን ቀጣጥሎ አንድን ሬጉሌተር ከማይገጥመው ሲሊንደር ጋር ከማያያዝ፣ ከግዢው በፊት ሆስፒታሉ ያሉትን የሲሊንደር ቫልቮች ዓይነት መዝግቦ ለአቅራቢው ማሳወቅ ይመረጣል። በእርዳታ የሚመጡ መሣሪያዎችም ከመረከብ በፊት በዚሁ ዝርዝር ሊታዩ ይገባል።

የፍተሻ አፈጻጸም

ብዙ ባለሙያዎች የሚያደርጉት ሲሊንደሩን ከፍተው መለኪያውን ጥቂት ማየት ነው። ይህ ዘዴ ከፍተኛ ማስተንፈስን እንጂ አነስተኛውን አያሳይም። ምክንያቱ በቀላል ስሌት ይታያል። መጋጠሚያው በደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር ያስተነፍሳል እንበል። ቫልቩ ክፍት ከሆነ ግፊቱ በ1 ባር እንዲወርድ ከሲሊንደሩ 40 ሊትር ጋዝ መውጣት አለበት፤ ለዚህም 400 ደቂቃ፣ ማለትም ከስድስት ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። ቫልቩ ከተዘጋ ግን ተከማችቶ የቀረው ጋዝ በሬጉሌተሩ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ይህ ቦታ 20 ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ ያው ማስተንፈስ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ግፊቱን በ5 ባር ያወርደዋል። ይዞታው በ2,000 እጥፍ ሲቀንስ የፍተሻው ንቃት በዚያው ልክ ይጨምራል። ስለዚህ ዋናው የፍተሻ ሕግ "ከፍተህ ሙላ፣ ዘግተህ ተመልከት" የሚል ነው።

ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

1. እጅን በሳሙና መታጠብና ማድረቅ፤ የእጅ ቅባት ወይም ቫዝሊን መኖር የለበትም። የሲሊንደሩን ጽሑፍ ማንበብ።

2. መቀመጫውን፣ አፍንጫውንና የጎማ ቀለበቱን በብርሃን ማየት። የተሰነጠቀ፣ የደረቀ ወይም የተላጠ ቀለበት መቀየር።

3. ሬጉሌተሩን በእጅ ገጥሞ በልኩ መፍቻ ማጥበቅ። ፒንሳ አይፈቀድም፤ የዳዶውን ጠርዝ ይበላዋል።

4. ፍሎሜትሩን ዘግቶ፣ ከመለኪያው ፊት ለፊት ሳይቆሙ፣ የሲሊንደሩን ቫልቭ በዝግታ መክፈት። በፍጥነት ሲከፈት ጋዙ በሬጉሌተሩ ውስጥ በድንገት ስለሚጨመቅ ከፍተኛ ሙቀት ይፈጥራል።

5. ግፊቱን መዝግቦ ቫልቩን መዝጋትና መርፌውን ለአምስት ደቂቃ መከታተል። መርፌው ካልተንቀሳቀሰ ከቫልቩ በኋላ ያለው ከፍተኛ ግፊት ወገን ደህና ነው።

6. መርፌው ከወረደ ቫልቩን እንደገና ከፍቶ፣ ዘይት በሌለው ፈሳሽ ሳሙና የተበጠበጠ ውኃ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ መቀባት። አረፋ የሚነፋበት ቦታ ማስተንፈሻው ነው።

7. ከማጥበቅ በፊት ቫልቩን ዘግቶ ግፊቱን ማውጣት። በግፊት ላይ ያለ መጋጠሚያ ፈጽሞ አይጠብቅም። ከዚያም ፍተሻውን ከመጀመሪያው መድገም፤ ሳሙናውንም በንጹሕ ውኃ ጠርጎ ማድረቅ።

ለብቻው መታየት ያለበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም የቫልቩ መክፈቻ ዘንግ ዙሪያ ነው። ይህ ክፍል ቫልቩ ክፍት ሳለ በሳሙና ውኃ መፈተሽ ይኖርበታል። እዚያ የሚያስተነፍስ ሲሊንደር በሆስፒታል የሚጠገን አይደለም፤ ምልክት ተደርጎበት ወደ አቅራቢው ይመለሳል።

ዝቅተኛው ወገንም መረሳት የለበትም። በማርጠቢያ ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ መታየቱ ሕመምተኛው ኦክስጅን ለማግኘቱ ማስረጃ ተደርጎ ይወሰዳል። ነገር ግን የጠርሙሱ ክዳን በትክክል ካልገጠመ፣ ጋዙ አረፋ ካሳየ በኋላ በክዳኑ ዙሪያ ይወጣል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የአፍንጫ ቱቦውን ጫፍ ለሕመምተኛው ከመግጠም በፊት በንጹሕ ውኃ ብርጭቆ ውስጥ መንከር። አረፋው እዚያ ከታየ መንገዱ እስከ ጫፉ ድረስ ክፍት ነው። ቱቦውን ለአፍታ በማጠፍ የጠርሙሱ የደህንነት ቫልቭ ድምፅ ማሰማቱን ማዳመጥም ይቻላል፤ ቫልቩ እያለ ድምፅ ካልተሰማ ጋዙ በሌላ በኩል እየወጣ ነው።

የግድግዳ መስመር ፍተሻ

ኦክስጅን በቧንቧ ወደ አልጋ የሚደርስባቸው ሆስፒታሎች አዲስ መስመር ሲረከቡ የግፊት ፍተሻ ውጤት መጠየቅ ይገባቸዋል። በስፋት የሚሠራበት የአሜሪካው ደረጃ መስመሩ ዘይት በሌለው ደረቅ ናይትሮጅን ከሥራ ግፊቱ 20 በመቶ ከፍ ተደርጎ ለ24 ሰዓት እንዲቆይ ያዛል። ከዚህ በኋላ ናይትሮጅኑ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ በየመውጫው ያለው ጋዝ ኦክስጅን መሆኑ በመለኪያ ሳይረጋገጥ ሕመምተኛ አይያያዝበትም።

ውጤቱን የሚያነብ ሰው የአየር ሙቀትን ማሰብ ይኖርበታል። በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአካባቢው የአየር ግፊት 0.82 ባር ያህል ነው። መስመሩ ቀትር ላይ በ27 ዲግሪ ሙቀት 5 ባር ቢያነብ፣ ጠቅላላ ግፊቱ 5.82 ባር ነው። ንጋት ላይ ሙቀቱ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ጠቅላላ ግፊቱ ወደ 5.59፣ የመለኪያው ንባብ ደግሞ ወደ 4.77 ባር ይወርዳል። ይህ የ0.23 ባር ቅናሽ የማስተንፈስ ምልክት አይደለም። በአንጻሩ ሙቀቱ ሳይለወጥ የታየ ያው ቅናሽ መስመሩን ላለመረከብ በቂ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከግፊቱ ጎን ሰዓቱና ሙቀቱ መመዝገብ አለባቸው፤ የሚነጻጸሩትም በተቀራራቢ ሙቀት የተወሰዱ ንባቦች ናቸው።

የመፈተሻው ማያያዣ ራሱም መፈተን አለበት። መለኪያው የተያያዘበት ቱቦ ቢያስተነፍስ ጥፋቱ ለመስመሩ ይቆጠራል። በፋብሪካ እንደሚደረገው፣ መፈተሻውን መጀመሪያ በተደፈነ ጫፍ ላይ ገጥሞ ግፊቱን መያዙን ማረጋገጥ ያሻል።

መግጠም የሌለበት ሲገጥም

እስካሁን የተወሳው ስለማይገጥም ወይም ስለሚያስተነፍስ ማያያዣ ነው። ከዚህ የከፋው ግን ያለቦታው በሚገባ የሚገጥም ማያያዣ ነው። መርፌና የደም ሥር መስመር የሚገናኙበት ሉዌር የተባለው አነስተኛ ማያያዣ ለረጅም ዘመን ለደም ግፊት መለኪያ ቱቦም ያገለግል ስለነበር፣ አየር ወደ ደም ሥር ገብቶ ሞት ያስከተለባቸው አጋጣሚዎች በተለያዩ አገሮች ተመዝግበዋል። ይህን ለማስቀረት አይ.ኤስ.ኦ. 80369 የተባለው ተከታታይ ዓለም አቀፍ ደረጃ ለየአገልግሎቱ የተለያየ ቅርጽ ደንግጓል። አሮጌና አዲስ ዕቃዎች አብረው በሚገኙበት ክፍል ግን ዛሬም ዋናው ጥበቃ ቱቦውን ከመግጠም በፊት ከመነሻው እስከ መድረሻው በእጅ ተከትሎ ማየት ነው።

የቸልተኝነት ዋጋ

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. (ኤፕሪል 2021 እ.ኤ.አ.) የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በበረታበት ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት አደጋዎች ደረሱ። በሕንድ ናሺክ ከተማ የሆስፒታል ኦክስጅን ማጠራቀሚያ አፍስሶ የመስመሩ ግፊት ለግማሽ ሰዓት ገደማ በመውደቁ ቢያንስ 22 ሕሙማን ሞቱ። ከሦስት ቀን በኋላ በባግዳድ ኢብን አል-ኸጢብ ሆስፒታል ከኦክስጅን ሲሊንደር ጋር በተያያዘ ፍንዳታና ቃጠሎ ከ80 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። የመጀመሪያው ኦክስጅን ሲጎድል፣ ሁለተኛው ኦክስጅን ባለበት እሳት ሲነሣ የሚሆነውን ያሳያሉ። የሚያስተነፍስ መጋጠሚያ ሁለቱንም በር ይከፍታል፦ ሕመምተኛው የሚያገኘው ይቀንሳል፤ በክፍሉ፣ በአንሶላውና በብርድ ልብሱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይጨምራል።

ማጠቃለያ

ለአንድ ሆስፒታል የሚያስፈልገው ወጪ አነስተኛ ነው፦ በልኩ የተሠራ መፍቻ፣ ተለዋጭ የጎማ ቀለበቶች፣ የሳሙና ውኃ መያዣ፣ የቫልቮችና የሬጉሌተሮች ዓይነት የተጻፈበት መዝገብ። በእያንዳንዱ ሲሊንደር አንገት ላይ የተገጠመበት ቀንና ሰዓት፣ የመጀመሪያው ግፊትና የአምስት ደቂቃው ንባብ የሚጻፍበት ካርድ ቢንጠለጠል፣ ተረኛ ነርስ ሲረከብ ሲሊንደሩ በታዘዘው ፍጥነት እየቀነሰ መሆን አለመሆኑን በማስላት ማወቅ ይችላል። ሲሊንደር የሚያጓጉዙትና የሚገጥሙት ብዙውን ጊዜ የጤና ባለሙያዎች ሳይሆኑ ተሸካሚዎችና ጥበቃዎች ስለሆኑ፣ "ቅባት አትንካ፣ በዝግታ ክፈት፣ ሲጨርስ ዝጋ" የሚለው ማሳሰቢያ በሚናገሩት ቋንቋ፣ በምዕራብ ሐረርጌ ከአማርኛው ጋር በአፋን ኦሮሞ፣ ቢለጠፍ ይጠቅማል።

ፐልስ ኦክሲሜትሩ ከ90 በመቶ በታች ሲያነብና ሕመምተኛው ኦክስጅን ላይ እያለ ካልተሻለው፣ የበሽታውን መባባስ ከማሰብ ጎን ለጎን እጃችን ከአፍንጫው ተነሥቶ በቱቦው ላይ ወደ ሲሊንደሩ መሄድ ይኖርበታል። በመንገዱ ላይ የሚገኝ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ሊጠየቅ ይገባዋል።